ባዶውን ቶነር አይጣሉት፤ ያሳድሱት

ልጄ መርሳ ከተማ ውስጥ ጠባብ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አላት። ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ለሚመጡ ሰዎች ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ለትምህርት ቤቶች ፈተና ታትማለች፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው። በጦርነቱ ዕቃዋ ሁሉ ስለጠፋ በ2014 ዓ.ም. እንደገና የጀመረችው ወልድያ በተገዛ አንድ ያገለገለ ሌዘር ፕሪንተር ነበር። ፕሪንተሩስ ተገኘ፤ የቶነሩ ወጪ ግን ወገቧን ሰበረው። «እማዬ፣ የምሠራው ለልጆቼ ሳይሆን ለቀለም ሆነ» ትለኝ ነበር።

መላ ብላ ባዶውን አስሞላች። የሞላላት ሰው ጎኑን በጋለ ብረት በስቶ ዱቄት ጨመረበትና በፕላስተር ዘግቶ ሰጣት። ፈተና ስታትም ዱቄቱ ፈሰሰ፤ አንድ ደስጣ ወረቀት ተበላሸ፤ ፕሪንተሩም ቆመ። ያን ሰሞን ልጠይቃቸው ከወልድያ ስወርድ የአራት ዓመቱ የልጅ ልጄ የተጣለውን ቶነር መኪና አድርጎ ግቢ ውስጥ ሲገፋ አገኘሁት። እጁም አፉም ከሰል መስሏል።

ጡረታ ብወጣም ነርስ ነኝና ደነገጥሁ። የቶነር ዱቄት የላመ ፕላስቲክና ጥቁር ቀለም ነው፤ ሲበን ዓይንንና መተንፈሻን ይቆጠቁጣል። ልብሱን ደጅ አራግፌ አፉን አስጉመጠመጥሁት፤ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና አጠብሁት። ሙቅ ውኃ አይሆንም፤ ዱቄቱ በሙቀት ስለሚለሰልስ ይጣበቃል። መሬት ላይ የፈሰሰውም የሚነሣው በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አይደለም።

ልጄ «ሁለተኛ አሮጌ ቶነር አልነካም» አለች። እኔ አልተስማማሁም። ሥራ ስጀምር የመስታወት ሲሪንጅ እየቀቀልን ደጋግመን እንጠቀም ነበር። ጉዳት የሚመጣው ዕቃው በመደገሙ ሳይሆን ሳይፈታ፣ ሳይታጠብና ሳይቀቀል ሲደገም ነው። ቶነርም እንዲሁ ነው፤ መሙላት ሌላ፣ ማደስ ሌላ።

ቶነር ሲታደስ ተፈትቶ የተጠራቀመው ውዳቂ ዱቄት ይወጣለታል፤ ያረጀው ድራምና ጠራጊው ምላጭ ይቀየራል፤ ለሞዴሉ የሚስማማ ዱቄት ገብቶም በማተም ይሞከራል። ቀፎው እንደ አዲስ ስለማይሠራ ዋጋው ከአዲሱ ይረክሳል፤ የማይበሰብሰው ፕላስቲክም ከግቢያችንና ከወንዛችን ይቀራል። ነገሩ በዓለምም አከራክሯል። ሌክስማርክ የተባለው ፕሪንተር አምራች ቶነሩን በሚያድስ ድርጅት ላይ ባቀረበው ክስ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. አምራቹ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ሊከለክል አይችልም ሲል ወስኗል።

ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ ስንት ገጽ እንዳተመላችሁ ቆጥራችሁ አካፍሉት። አዲሱ ኤች ፒ 85ኤ 1,600 ገጽ ያህል ያትማል የሚባለው ከገጹ 5 በመቶው ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው፤ ፎቶ የበዛበት ወረቀት ቶሎ ይጨርሰዋል። ሳትከፍሉ በፊት ጥቂት ገጽ አሳትማችሁ እዩ። በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጠብጣብ ካለ ድራሙ ተጎድቷልና መልሱት። ባዶውን በፌስታል ቋጥራችሁ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ፤ እንዳታቃጥሉት።

ዛሬ ልጄ የምትሠራው በታደሰ ቶነር ነው። ባዶውን ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ታኖርና ወልድያ ስመለስ እንዲታደስ ታስይዘኛለች። የልጅ ልጄ ግን አሁንም «መኪናዬን!» እያለ ወደ መደርደሪያው ያንጋጥጣል።