የኛው ቆሮሶ፣ የሰው አገር ወራሪ

አየር ጤና ወይም አሥራ ስምንት ማዞሪያ ዓሣ ቤት ገብታችሁ ጥብስ ስታዙ፣ ተተልትሎ ሙሉውን የሚመጣላችሁ ብዙውን ጊዜ ቆሮሶ ነው። ጅራቱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ዘይቱ ካላከሰለው ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረውበታል። የናይል ቲላፒያ መለያው ይሄ ነው። እኛ ጋ ምሳ ሆኖ ያልፋል፤ ስንትና ስንት አገር ግን ወራሪ ብሎ መዝግቦታል!

በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ተጨመረ። የሐይቁ ተወላጅ ንጌጌ የሚባለው ዘመዱ ከዋናው ሐይቅ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ እርግጥ ናይል ፐርችም አግዟል። አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ ደግሞ ከእርባታ ኩሬ አምልጦ ጨው እስከተቀላቀለበት የባሕር ዳርቻ ውሃ ወርዷል። ብርድ አይችልም፤ ከኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ሙቅ ውሃ ክረምቱን አሻገረው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ወራሪ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወላጆች ነው የሚነሣው። ዘረመሉ ጠባብ ነው፣ ዘመድ ከዘመድ ይዋለዳል፣ መዳከም ነበረበት። ለምን አይዳከምም?

አንደኛው መልስ እድገቱና አረባቡ ውስጥ ነው። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሰሞን እህል ውሃ የለም፤ ስለዚህ ከወንዱ ያነሰች ሆና ትቀራለች፤ ልጆቿ ግን ይተርፋሉ። ኩሬው ሲጣበብባቸው ደግሞ ማደጉን ትተው ገና መዳፍ ሳያክሉ መራባት ይጀምራሉ። ለአርቢው ራስ ምታት፣ ለወራሪው በረከት።

ሁለተኛው መዳቀል ነው። ሊምፖፖ ወንዝ ውስጥ ከሞዛምቢክ ቲላፒያ ጋር ተዳቅሏል። የጎደለውን ዘረመል ከባለአገሩ ወሰደ፤ ባለአገሩ ግን ንጹሕ ዘሩን እያጣ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ሰይፉ ስዩምና ኧርቭ ኮርንፊልድ በ1992 ባወጡት የዘረመል ጥናት የጣና ሐይቁ ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ መሆኑን አሳዩ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የራሳቸው አላቸው፤ አዋሽ ሸለቆ ፍል ውሃ ውስጥም ሌላ አለ። በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረውና በየትውልዱ ከ10 እስከ 15 በመቶ እድገት የጨመረው ዝነኛው የእርባታ ቲላፒያ የዱር ወላጆቹ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ናቸው። የኛዎቹ እዚያ ውስጥ አልገቡም። እኔ ይሄን የራሳችንን ዘር እንደ ትልቅ ሀብት ነው የማየው።

ሀብቱ የሚጠፋው ደግሞ በክፋት አይደለም። አንዱ ፈጥኖ ያድጋል ብሎ የውጭ ጫጩት ያመጣል፤ ጎርፍ ኩሬውን ሰብሮ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፤ አለቀ። ዓሣን ከሐይቅ ለቅሞ ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ የተደባለቀ ዘረመልን ግን ማንም አይለቅመውም።

ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ዓለም ገናን አልፋችሁ ሰበታ ስትደርሱ የዓሣ ምርምር ማዕከሉን ታገኛላችሁ። ኩሬ ልትቆፍሩ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱና ጠይቁ፦ ይሄ ጫጩት የየትኛው ሐይቅ ዘር ነው? የተረፋችሁንም ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ፤ ጠብሳችሁ ብሉት።