ሲስተር ጡረታ ወጡ፤ ዕውቀታቸውስ?

የስንብቱ ዕለት ሻይ ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጋቢ ይሸለማል፣ የምስጋና ንግግር ይደረጋል። በማግስቱ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በሽተኛ ሲያስታምሙና ተማሪ ሲያሠለጥኑ የኖሩት ሲስተር ጠያቂ አጥተው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ውድ አንባቢያን! ከእርሳቸው ጋር ምን ቤት እንደገባ አስበን እናውቃለን?

ነገሩን ከሰሜን ጎንደር እንመልከተው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው ሐኪም ወዳልደረሰበት ገጠር የሚዘልቁ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ማፍራት ነበር። ኮሌጁ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዳባትም ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግብ ቆይቷል። መዝገቡ ቁጥሩን ይይዛል፤ የሲስተርን ልምድ ግን አይዝም።

ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ ሲዘለቅ አገሩ ዳገትና ገደል ነው። ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ማድረስ ግድ የሚሆንባቸው መንደሮች አሉ። በእንዲህ ያለ አገር የሠራች ነርስ የወላድ ደም አልቆም ሲል ሳይዘገይ የት መላክ እንዳለባት፣ ባልና አማት ሲያመነቱ በምን ቃል እንደሚግባቡ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ተማሪ እንዴት እንደሚበረታ ታውቃለች። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲመጣና ደባርቅ ተፈናቃይ ስታስተናግድ፣ የሠለጠነ እጅ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል።

በሕጉ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በአገልግሎቱ ዘመን ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ አበሉ የላብ ዋጋ እንጂ ችሮታ አይደለም። ጡረታ የሚወጣው ግን ሰውየው ከሥራው ነው እንጂ ዕውቀቱ ከሰውየው አይደለም።

ይህ ሙያ በእኛ ታሪክ ውስጥ የከበረ ስፍራ አለው። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) በመዲና መስጂድ በተተከለው ድንኳኗ ቁስለኞችን ታክም ነበር። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝም (ረ.ዐ.) ወደዚያው ተወስደዋል። ሺፋ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ደግሞ ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት አስተምራለች። ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሥራዎች አንዱ ጠቃሚ ዕውቀት መሆኑንም ሁላችንም ተምረናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጡረተኛዋን ቤት ለቤት መርፌ ውጊልን፣ መድኃኒት ስጪን ማለት አይገባም፤ ሕክምና ቦታና ፈቃድ አለው። ዕረፍትም ሐቃቸው ነው። ነገር ግን በመድረሳ ለእናቶች በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ እርግዝናና ስለ ሕፃናት ክትባት ቢያስረዱ፣ አዲስ ተመራቂ ነርስም ሄዳ ብትጠይቃቸው፣ ዕውቀቱ ከቤት ይወጣል። ልጆችም «ደክመዋል፣ ይቀመጡ» ከማለታችን በፊት «ምን ያስተምሩናል?» ብለን እንጠይቅ። ጋቢው ያረጃል፤ የተማረ ሰው ግን ሌላውን ያስተምራል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።