የቅጠል ጉንጉን ጥልፍና በመካከሉ የሚጻፈው ስም

ለሰርግ፥ ለክርስትና ወይም ለልደት የሚሰጥ ስጦታ የተቀባዩ ስም ሲጠለፍበት፥ ከተራው ዕቃ ይልቅ የሚወደድና በክብር የሚቀመጥ መሆኑ የታወቀ ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ ስሙ ብቻውን እንዳይቆም በዙሪያው የቅጠል ጉንጉን በጥልፍ መኪና መሥራት ተለምዷል። ለነጋዴው መልካም ገበያ ነው፤ ሆኖም የራሱ ወጥመድ አለው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለአንዲት ሙሽራ ሁለት ፎጣዎች በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በሀና ማርያም ከሚገኝ አንድ ሱቅ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ በስልክ ተነገረ፤ ዕቃውም በቀጠሮው ቀን ደረሰ። ጉንጉኑ እጅግ ያማረ ነበር። የሙሽራዪቱ ስም ግን «ዓለምፀሐይ» መሆኑ ቀርቶ «አለምጸሃይ» ተብሎ ተጠልፏል። ባለሱቁ «ሲነበብ ያው ነው» አለ፤ እውነትም ሲነበብ ያው ነው። ነገር ግን ሙሽራዪቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስሟን በዓይኑ ዐ፥ በፀሐዩ ፀ፥ በሐመሩ ሐ ስትጽፍ የኖረች ናት።

ኪሣራው የማን ነው? ስም ያልተጻፈበት ፎጣ በአንዱ ደንበኛ ባይወደድ ለሌላው ይሸጣል፤ ስም የተጠለፈበት ግን ሌላ ገዢ የለውም። ጥልፉን ፈትቶ እንደገና ለመሥራት ቢሞከርም መርፌው የበሳው ይታያል፤ የፎጣውም ጠጉር ይነቀላል። ስለዚህ አስተዋይ ባለሱቅ ቀብድ ሳይቀበል መርፌ አያስነሣም፤ ስሙንም በስልክ አይቀበልም፤ ደንበኛው በገዛ እጁ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፈውና እንዲፈርምበት ያደርጋል። በሀሌታው ሀ፥ በሐመሩ ሐና በብዙኃኑ ኀ መካከል ሊፈርድ የሚችለው የስሙ ባለቤት ወይም ቤተ ሰቡ ብቻ ነው።

ወደ ሥራው እንለፍ። በመኪና መጥለፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. ኢዮሱዋ ሃይልማን በሙሉዝ የእጅ ጥልፍ መኪናን፥ በ1863 ዓ.ም. ደግሞ ስዊሱ ኢሳቅ ግሮብሊ ሺፍሊ የተባለውን ሠርተዋል። የዛሬው መኪና በኮምፒዩተር የተሰናዳውን ንድፍ ተከትሎ ይሰፋል። የጉንጉኑ ግንድ በተራ ስፌት፥ ቅጠሎቹ ሳቲን በሚባለው ጥቅጥቅ ስፌት ይሠራሉ። ክሩ ጨርቁን ወደ ራሱ ስለሚስብ በንድፉ ላይ ክብ የነበረው ጉንጉን ሞላላ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ድርና ማጉ በሚላላው በእጅ በተሸመነ ነጠላ ላይ ይህ ይብሳል። መድኃኒቱ ከሥር ደጋፊ ጨርቅ ማንጠፍ ነው። ፎጣ ሲሆን ክሩ እንዳይሰምጥ በላዩ በውሃ የሚሟሟ ስስ ላስቲክ ይጨመራል።

ከሁሉ የሚከብደው ፊደሉ ነው። ከውጭ ከሚገዙት ንድፎች ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው የላቲን ፊደል ሲሆን፥ እርሱ ትንሹና ትልቁ ተደምሮ 52 ነው። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ኮምፒዩተሩ የተዘጋጀ የጽሕፈት ፊደልን በራሱ ወደ ስፌት ሊለውጥ ይችላል፤ ውጤቱ ግን እምብዛም አያምርም። ፊደሉ ትንሽ ሲሆን ቅጥያው በክር ይዋጥና «ሙሉ» የነበረው «ሙለ» ይሆናል። ስለዚህ የፊደሉ ቁመት ከ1 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። የግእዝ ፊደልን አንድ በአንድ በእጅ አስተካክሎ ለጥልፍ ያዘጋጀ ሰው፥ ለሌሎች ጠላፊዎች ሊሸጠው የሚችል ዕቃ በእጁ ይዟል ማለት ነው።

ስለ ቅጠሉም አንድ ቃል እንበል። ከውጭ በሚመጡት የሰርግ ንድፎች ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል እጅግ ይዘወተራል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስናውለው ለኖርን ለአዲስ አበባ ሰዎች፥ ይህ ዛፍ በሙሽራ ፎጣ ላይ ሲታይ ፈገግ ያሰኛል። ለመስከረም አደይ አበባ፥ ለሰርግ ወይራ፥ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ለሚላከውም ቀይ ፍሬ ያንጠለጠለ የቡና ቅርንጫፍ ቢሠራ የተሻለ ይሸጣል የሚል እምነት አለን። አስመጪዎች የጥልፍ መኪና በዓለም አቀፉ የቀረጥ መደብ በ8447 ሥር እንደሚውል፥ በ8452 ከሚመደበው የስፌት መኪናም እንደሚለይ ልብ ይበሉ፤ ላኪዎችም በቁራጭ የሚላክ ጥልፍ በ5810 እንደሚመደብ ያስታውሱ።

ጉንጉኑ 10,000 ስፌት ቢኖረውና መኪናው በደቂቃ 800 ጊዜ ቢሰፋ፥ ክር የሚለወጥበት ጊዜ ሳይቆጠር 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ስሙ ግን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ የኦርቶዶክስ ሰርግ በማይደገስባቸው በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ጉንጉኑን ብቻ ጠልፎ፥ መካከሉን ባዶ ትቶ ማከማቸት ይቻላል። ከፋሲካ በኋላ ደንበኛው ቆሞ ሳለ ስሙ ይገባል። መካከሉን ቀድሞ በሚታጠብ ጠመኔ ማመልከት፥ ስፋቱንም ለ«ሙሉ» ብቻ ሳይሆን ለ«ዓለምፀሐይ»ም እንዲበቃ አድርጎ መለካት ያስፈልጋል።

ለሙሽራዪቱ ሌላ ሁለት ፎጣ ተጠልፎ ተሰጣት፤ ዋጋውን ባለሱቁና እኛ እኩል ከፈልን። የፊተኞቹ በጸሐፊው ቤት ያገለግላሉ፤ እጁን የታጠበ እንግዳ ሁሉ አለምጸሃይ ማን እንደ ሆነች ይጠይቃል።