የሪሲቨሩ የመጀመሪያ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የሳተላይት ሪሲቨር ለላስታ ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጣቢያ ሲጠፋ ባለቤቱ ወደ ጥገና ሱቅ ይወስደዋል፤ ባለሙያውም በፍላሽ አዲስ ሶፍትዌር ይጭንበታል። አንዳንዴ ግን መሣሪያው ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይነሳም። መብራት መሀል ላይ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ለሌላ ቦርድ የተዘጋጀ ሊሆንም ይችላል።

ብዙ ሪሲቨሮች፣ ራውተሮችና የጥበቃ ካሜራዎች ሊኑክስ የሚሠራባቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ግን ሊኑክስ ሳይሆን ፈርምዌር የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ፈርምዌሩ ቦርዱን ያሰናዳል፤ እንዲያረጋግጥ ከታዘዘም ቀጣዩ ፕሮግራም በአምራቹ ፊርማ የታተመ መሆኑን አይቶ በሩን ይከፍታል። የነአኩቶ ለአብን ዕቃ ቤት ያለ ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ማንም እንደማይገባበት ማለት ነው።

ትእዛዙ የሚሰጠው ሶፍትዌሩ በሚገነባበት ጊዜ ነው። ለቦርዶች ሊኑክስ ለመገንባት በሰፊው የሚያገለግለው ዮክቶ፣ ለአርም ፕሮሰሰሮች በተዘጋጀለት ክፍል ውስጥ የቦርዱ ስም የሚጻፍበት ቦታ «ኢንቫሊድ»፣ ማለትም «ዋጋ የሌለው» በሚል ቃል ተሞልቶ ይገኛል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ባለሙያው የቦርዱን ስም ራሱ ካልጻፈ ሥራው አይቀጥልም።

የፊርማ ማረጋገጫው ነገር ግን ሌላ ነው። ትረስትድ ፈርምዌር በተባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ባለሙያው ካላበራው ጠፍቶ ይቆያል፤ ግንባታውም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠናቀቃል። መሣሪያው ያለ እንከን ይሠራል፤ ሌላ ሰው የራሱን ፕሮግራም ቢጭንበትም እንዲሁ ይሠራል። ከሁለቱ ስሕተቶች ይበልጥ የሚያስፈራው ይህ ድምፅ የሌለው ነው።

ማረጋገጫውን ማብራት ብቻውንም አይበቃም። ለሙከራ የተዘጋጁ ቁልፎች ለማንም ክፍት ስለሆኑ መሣሪያው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት በአምራቹ ምስጢራዊ ቁልፍ መተካት አለባቸው። ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል በሐምሌ 2016 ዓ.ም ታይቷል። የደኅንነት ተመራማሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮምፒውተር ሞዴሎች «አትመኑት» የሚል ጽሑፍ ባለበት የሙከራ ቁልፍ እንደተሸጡ ይፋ አደረጉ። ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም ማለት ነው።

የእውነተኛው ቁልፍ አሻራ በቺፑ ውስጥ አንዴ ከተቃጠለ አይፋቅም። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ አስቀድሞ በትርፍ ቦርድ ይሞክራል።

የመሣሪያው ባለቤት እነዚህን ቅንብሮች ከውጭ ሆኖ ሊያያቸው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር አስመዝግቦ፣ የሚጫነው ፋይል ከአምራቹ የመጣና ለዚያው ቁጥር የተሠራ መሆኑን ጥገና ባለሙያውን መጠየቅ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ደግሞ ጭነቱን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል።