ቦቴውን ሳተላይት ያየዋል፤ ሲገለበጥስ ማን ይደርሳል?

አናንዴል፣ ቨርጂኒያ – ከምንኖርባት አናንዴል ጥቂት ማይሎች ዝቅ ብሎ፣ ስፕሪንግፊልድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1999 ባሩድ የጫነ ከባድ መኪና ተገልብጦ ቤልትዌይን ለሰዓታት ዘግቶት ነበር። የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ያማረረው በትራፊኩ ነው። ማማረሩ ራሱ ደግ ነገር ነው፤ ሰው ከአደጋው ርቆ እንዲቆም መደረጉን ያሳያል።

እስቲ ያንን መኪና በሐሳብ አንሥተን አፋር በረሃ፣ በጋላፊና በሚሌ መካከል እናቁመው። ጭነቱንም ቤንዚን እናድርገው። የአገራችን ነዳጅ በአብዛኛው ከጅቡቲ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ቦቴ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይጭናል።

በኢትዮጵያ መኪናን በሳተላይት መከታተል አዲስ ነገር አይደለም። ጉምሩክ በጅቡቲ መስመር በሚያልፍ ጭነት ላይ በጂፒኤስ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ማኅተም ያስራል። የነዳጅ ቦቴዎችም ጂፒኤስ እንዲገጥሙ ታዘዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በድጎማ ከጎረቤት አገሮች ረክሶ ይሸጥ የነበረው ነዳጅ በየመንገዱ እየተሰወረ የኮንትሮባንድ ሲሳይ ሆኖ ነበር። በመንግሥት ጋዜጣ ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች አርዕስቱን ሳናየው እንገምተዋለን፦ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ተግባራዊ ሆነ»። የማይጠየቀው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰውን ነጥብ የሚያያት ማን ነው? ቀራጩ ወይስ እሳት አጥፊው?

መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። ያወቀውን ወደ ማእከል የሚልከው ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሞባይል በሲም ካርድ ነው። ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ዝም ይላል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ይዘረግፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የነዳጅ ሌባ ነገም ሊያዝ ይችላል፤ ለተገለበጠ ቦቴ ግን ነገ የለውም። ኔትወርኩን የሚዘጋው መንግሥት ራሱ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይህ የገዛ ዓይንን በገዛ ጣት መውጋት ነው። እንደ ኢሪዲየም ባሉ ሳተላይቶች በኩል በቀጥታ የሚልክ መሣሪያ አለ። ዋጋው ይወደዳል፤ ከሰው ሕይወት ግን አይወደድም።

የጎረቤት እሳት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ኬንያ፣ ሳቻንግዋን ላይ ከተገለበጠ ቦቴ የፈሰሰውን ነዳጅ ሊቀዳ የወጣውን ሕዝብ እሳት በላው፤ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። በ2010 ኮንጎ፣ ሳንጌ፣ በ2017 ደግሞ ፓኪስታን፣ ባሃዋልፑር፣ በእያንዳንዳቸው ከ200 በላይ ሞቱ። በሦስቱም ቦታ ቦቴው ከተገለበጠ በኋላ፣ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት፣ ሰው ተጠራርቶ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። ሰው ለመሰብሰብ የበቃው ጊዜ ፖሊስ ለመጥራትም ይበቃ ነበር።

እዚህ አሜሪካ ከኒውክሌር መሣሪያ ሥራ የተረፈ ቆሻሻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ይቀበራል። የሚያጓጉዘው መኪና በሳተላይት ይታያል። የሚያየው ግን የፌዴራል መንግሥት ብቻ አይደለም፤ መኪናው የሚያልፍባቸው ግዛቶች ባለሥልጣናትም ያዩታል። በየመንገዱ ያሉ የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችም ለዚሁ ሥልጠና ይወስዳሉ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ነጥቧ አዲስ አበባ ስክሪን ላይ ቀጥ ስትል ሚሌ ላለው ፖሊስ ስልክ ካልተደወለ፣ ዱብቲ ሆስፒታል ካልሰማ፣ ሾፌሮች በሚታገቱበትና በሚገደሉበት በዚህ ዘመን ሾፌሩ «ድረሱልኝ» ብሎ የሚጫነው ቁልፍ ከሌለው፣ ሳተላይቱ የሚጠብቀው ቀረጥን እንጂ ሰውን አይደለም። እዚህ አገር ከባድ መኪና የምትነዱ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የአገር ቤት ባለሥልጣናት ለስብሰባ ወደዚህ ብቅ ሲሉ ስንት ቦቴ ጂፒኤስ ተገጠመለት ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። አንዱ ሲገለበጥ በስንት ደቂቃ ማን እንደሚደርስለት ጠይቁልን።