የሁለት ሰዎች ሽርሽር እንዴት ይታቀዳል?

ሽርሽር ለመዝናናትና አካባቢን ለማየት የሚደረግ ጉዞ ነው። ብዙ ሰዎች ሽርሽር ዕቅድ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይመስላቸውም። እርግጥ ነው፣ እግር ወደ መራ መሄድ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አብሮን የሚወጣው ሰው ከሩቅ የመጣ፣ ጊዜውም አጭር ሲሆን አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይላል። ሰውየው የምናፈቅረው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል።

በምሳሌ እንመልከተው። በአሰላ ከተማ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር አለ እንበል። እጮኛው ከአዲስ አበባ ተነሥታ፣ በአዳማ በኩል ወደ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ትደርሳለች። በዘመድ ቤት አድራ እሑድ ጧት ትመለሳለች። ከጋብቻ በኋላ አሰላ ለመኖር ወይም ላለመኖር የምትወስነው ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነው። እንግዲህ ያች የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዴት ትታቀድ?

በመጀመሪያ መነሣት ያለበት ጥያቄ «ምን ላሳያት?» የሚለው ሳይሆን «ምን ማየት ትፈልጋለች?» የሚለው ነው። የዚህ መልስ በግምት አይገኝም፤ ይጠየቃል። ምን ያህል በእግር መሄድ እንደምትችል፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደያዘች፣ የምትጾም መሆን አለመሆኗም አብሮ ይታወቃል። ለምሳሌ የአርሲ ደጋ ስመ ጥር ከሆነባቸው ምግቦች አንዱ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚዘጋጀው ጭኮ ነው። ይሁን እንጂ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ለምትጾም እንግዳ ጭኮና እርጎ ማቅረብ አይቻልም፤ ሻይና ቆሎ ይተካዋል።

ቀጥሎ የሚታሰበው ቅደም ተከተሉ ነው። ቅደም ተከተል በዘፈቀደ አይወሰንም፤ ምክንያት አለው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ የሚገኘው ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ነው። ጧት ፀሐይ የምትወጣው ከተራራው ኋላ ስለሆነ ወደ ከተማው የዞረው ገጽታው በጥላ ይሸፈናል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ብርሃኗ በቀጥታ ያርፍበታል። ስለዚህ እንግዳዋ መጀመሪያ ምሳ በልታ ትረፍ፤ ከዚያ በ8 ሰዓት ተኩል ገበያውና መንገዱ ይታይ፤ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ከከተማው ዳር ወጥቶ ተራራውንና ለአጨዳ የደረሰውን የስንዴ ማሳ መመልከት ይቻላል። ደጋው ምሽት ላይ ስለሚበርድ ሹራብ መያዝ፣ ሳይጨልምም ወደ ዘመድ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። ጉዞው በክረምት ቢሆን ኖሮ ከሰዓት በኋላ ደመናና ዝናብ ስለሚበዛ ይህ ዕቅድ ባልሠራ ነበር።

ሦስተኛው ተግባር መምረጥ ነው። ለግማሽ ቀን ሦስት ቦታ ይበቃል። የሚነገረውም እንዲሁ ይመጠን። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱን በአሰላ አድርጎ እንደነበረ መናገር ስለ ስንዴው ማሳ ብዙ ያስረዳል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ የነበረው በዚሁ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ ሽርሽር የታሪክ ክፍለ ጊዜ አይደለም። ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሁለቱ አብረው ወጡ አይባልም፤ ዝምታም ቦታ ይሰጠው።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ይመጣል፤ ይኸውም እውነተኛነት ነው። መምህሩ ያማረውን ብቻ መርጦ ቢያሳይ ቀኑ ያለ ጥርጥር ደስ ብሎ ያልፋል። ግን እጮኛው የምትወስነው ስለ አንድ ቀን ሳይሆን ስለ ኑሮዋ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ ሊኖሩበት የሚችሉት ሰፈር ይሁን። የኪራይ ቤቱን ጥበት፣ ውሃ የሚቀዳበትን ስፍራ፣ እርሷ ሥራ ልታገኝ የምትችልበትን መሥሪያ ቤት ትይ። የክረምቱን ብርድና ጭቃም ሳትጠይቀው ይንገራት። «ዛሬ ደክሞኛል፤ ይህ ይቅር» ብትል ደግሞ ዕቅዱ ይለወጥ እንጂ እርሷ አትገደድ። ሰውን ለማስደሰት ብቻ የወጣ ዕቅድ እንግዳውን ያታልላል፤ ለሰው አስቦ የወጣ ዕቅድ ግን አይቶ የመወሰን ነጻነቱን ይጠብቅለታል።

ተማሪዎች፣ ገላጭ ድርሰት ስትጽፉም መንገዱ ይኸው ነው። አንባቢያችሁን እወቁ፤ ሐሳባችሁን በምክንያት ቅደም ተከተል አስይዙ፤ ከብዙው ጥቂቱን ምረጡ፤ የማያምረውንም እውነት አትደብቁ።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱ ቃላትን አውጥታችሁ ጻፉ።
2. መምህሩ ተራራውን ለማሳየት ከሰዓት በኋላን የመረጠው ለምንድን ነው?
3. ከሌላ ከተማ ለሚመጣ ወዳጃችሁ አካባቢያችሁን የምታሳዩበትን የግማሽ ቀን ዕቅድ በሦስት አንቀጽ አብራሩ።