የግብር ቁጣ በጣና ዙሪያ

በጣና ዙሪያ ገበሬውና ነጋዴው ከመንግሥት ጋር የተካረሩባቸው ጊዜያት ሲመረመሩ፣ የጠቡ ሥር ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ አገማመቱ ሆኖ ይገኛል። ማን ገመተው፣ በምን ለካው፣ ተበደልኩ የሚል ሰው አቤቱታውን ለማን ያቅርብ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሲያጡ ቅሬታው ወደ አድማ፣ አንዳንዴም ወደ ጠመንጃ ይሄዳል። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሳው የገበሬዎች አመፅ ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ነው።

የነገሩ መነሻ ከጣሊያን መውጣት በኋላ የመጣው የግብር ሥርዓት ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን በጋሻ እየለካ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ በሚሉ ደረጃዎች ግብር ጣለ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ግን ከዚህ ልኬት ውጪ ሆነው በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት የነበረውን እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ያኔ በበጌምድር ውስጥ የነበሩት ወረታና የፎገራ ሜዳም በዚህ ልዩ አሠራር ሥር ወደቁ። ልዩነቱ ዝም ብሎ የተሰጠ ችሮታ አልነበረም። የሰሜኑ ገበሬ መሬቱን በርስት ይዞ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚው አባት እየቆጠረ የሚካፈል በመሆኑ ልኬትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በደቡቡ ክፍል በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) የተለካው መሬት ለባለሥልጣንና ለመልከኛ ሲከፋፈል፣ ነባሩ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ወሬው ደርሶታል። ስለዚህ ገመድ የያዘ ሹም ሲመጣ የሚታየው የግብሩ ሒሳብ አልነበረም፤ የርስቱ መጥፋት ነበር።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አሥራትን ሽሮ በምርት መጠን ላይ የተመሠረተ፣ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር የሚጨምር ግብር አቆመ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ይላል። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነበር። የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት ለማወቅ ገማች ማሳው ድረስ መሄድ፣ ሰብሉን በዓይኑ አይቶ ይህን ያህል ይወጣዋል ማለት፣ ስሙንም ከመሬቱ ጋር መመዝገብ ነበረበት። በጋራ የተያዘ የዘር ርስት በግለሰብ ስም ሲመዘገብ ነገ ለማን ይሆናል ለሚለው ሥጋት አሳማኝ መልስ የሰጠ አልነበረም።

በዚያ ላይ የጎጃም አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ የተጠሉ ነበሩ። ጠመንጃ በማስመዝገብና መዋጮ በማብዛት ይወቀሱ ነበር። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የክብሩና የርስቱ ጠባቂ ስለሆነ፣ ምዝገባው ትጥቅ ለማስፈታት የተጠነሰሰ ሆኖ ታየው። ገማቾቹ ሲመጡ ሕዝቡ አላስጠጋ አለ። ሽማግሌዎች ተመርጠው አቤቱታ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ሰሚ ሲያጡ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች ነገሩ ወደ ውጊያ ተሸጋገረ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ።

ገበሬዎቹ ንጉሡን ከዙፋን የማውረድ ዓላማ አልነበራቸውም። ጥያቄያቸው ገዥው ይነሣልን፣ ግብሩ ይቅርልን፣ ርስታችን አይነካ የሚል ነበር። በመጨረሻም ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፣ ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዲሱ ግብርም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ። እዚህ ላይ ሊያሳዝን የሚገባው ነገር አለ። የኋላ ኋላ የተፈቀደው ሁሉ ቀድሞ በአቤቱታ የተጠየቀው ነበር። ሽማግሌዎቹ በጊዜው ቢሰሙ ኖሮ የሰው ሕይወትም፣ የተቃጠለው ቤትም በተረፈ ነበር።

ተመሳሳይ ታሪክ በአሜሪካም አለ። እ.ኤ.አ. በ1786 የማሳቹሴትስ ገበሬዎች ግብርና ዕዳ ሲጫናቸው፣ የዕዳ ክስ እንዳይታይ የፍርድ ቤቶችን ደጅ ዘጉ። ከመሪዎቹ አንዱ የነጻነት ጦርነት ዘማቹ ዳንኤል ሼይስ ነበር። እንቅስቃሴው በጦር ተበተነ፤ በቀጣዩ ምርጫ ግን ጦር ያዘመተው ገዥ ወንበሩን አጣ፣ የግብሩም ጫና ቀለለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ዎል ስትሪት አጠገብ ያለ ትንሽ መናፈሻ ይዘው የሰፈሩት ወጣቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ከግብር ከፋዩ ኪስ ባንኮችን ለማዳን እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር ሲመደብ፣ ቤቱን በዕዳ ለተነጠቀው ሰው ምን ተደረገለት አሉ። ሰፈራቸው በኅዳር ወር በፖሊስ ተነሣ። ጎጃምንና ማሳቹሴትስን የሚለያቸው አንድ ትልቅ ነገር ድምፅ መስጫው ነው። የማሳቹሴትስ ገበሬ ገዥውን በካርድ አነሣ፤ የጎጃም ገበሬ ይህ መንገድ ስላልነበረው ደም ከፈለ።

በኢትዮጵያም የኢኮኖሚ ተቃውሞ ወደ ከተማ ከገባ በኋላ ፍጥነቱ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ያስመረራቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችና በትምህርት ፖሊሲውና በደመወዛቸው የተቆጡ መምህራን ሥራ አቆሙ። በወሩ መጨረሻ የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ አድማ ጠራ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ።

ዘውዱን የተካው ደርግ ርስትንም ጭሰኝነትንም ሲሽር የድሮው ሥጋት የቀረ መስሎ ነበር። ሆኖም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን ኮታ እየጣለ፣ ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ እህሉን ያስረክበው ጀመር። በዚህ ጊዜ የተቃውሞው መልክ ተለወጠ፤ እህል ይደበቃል፣ በሌሊት ጭነት ይወጣል፣ ጓሮ ብቻ ይታረሳል። ኮታው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ተነሣ።

የገማቹ ጥያቄ ተመልሶ የመጣው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። መዝገብ የማይዙት፣ በጊዜው ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የነበረው የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ፣ ብዙዎች ቁጥሩ ከሚሸጡት በላይ ነው ብለው ጮኹ። አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። የወረታን ገበያ ለሚያውቅ ችግሩ ግልጽ ነው። የፎገራ ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ መፈልፈያው ይጮኻል፣ ጋሪው ይጨናነቃል፣ ከረጢት ሻጩም ሻይ ቤቱም ደንበኛ ይበዛላቸዋል። ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ያው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ ባዶ ሊውል ይችላል። በታኅሣሥ አንድ ቀን የታየ ሽያጭ በዓመቱ ቀናት ቢባዛ የሚገኘው ገቢ ባለሱቁ አይቶት የማያውቀው ነው።

አሁን ያለው ሕግ ከ1960ው ጋር ሲተያይ የቅሬታ በር ከፍቷል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ መሠረት ግብር ከፋዩ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ለባለሥልጣኑ ያቀርባል፤ ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል። ይግባኙ የሚሰማው ግን ካከራከረው ግብር ግማሹ ሲያዝ ነው። ትልቅ ድርጅት ይህን ከባንክ አውጥቶ ያስይዛል። ከረጢት የሚሸጥ ሰው ግን የተበዛበትን ግብር ለመከራከር መጀመሪያ ከዚያው ግብር ግማሹን ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ የይግባኙ 30 ቀን ካለፈ በኋላ የሚሄድበት ሕጋዊ በር የለም።